ማስተካከያ፦ በቤት ውስጥ የኮራል ገንዳ ስለሚያስፈልገው የውሃ ፍሰት
ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ በሰዓት የገንዳውን ውሃ 5 እጥፍ የሚያንቀሳቅስ አንድ ፓምፕ በቀጥታ ወደ ኮራሉ (በቡድን ተያይዞ ወደሚኖረው የባሕር እንስሳ) አዙሮ መግጠም ይበቃል ማለታችን ስሕተት ስለሆነ፣ አንባቢዎችን ይቅርታ እየጠየቅን እናርማለን። ለስላሳ ኮራሎች ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ ትንንሽ ፖሊፕ (ኮራሉ የተሠራባቸው ነጠላ እንስሳት) ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ደግሞ 30 እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ፤ ይህም በ200 ሊትር ገንዳ በሰዓት 6000 ሊትር ማለት ነው። ከመጠኑ ይበልጥ ያሳሰበን ግን አቅጣጫው ነው፤ በቅርብ ርቀት ያለማቋረጥ በአንድ ወገን የሚመታ ኃይለኛ ውሃ የኮራሉን ሥጋ ከአጽሙ ሊገፈው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ፓምፖችን በገንዳው ተቃራኒ ጎኖች ገጥሞ፣ ፍሰታቸው መካከል ላይ እንዲጋጭ ወይም በየተራ እንዲሠሩ ማድረግ ይገባል። ፖሊፖቹ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዙ ከሆነ ፍሰቱ ደኅና ነው፤ ወደ አንድ ጎን ተኝተው ከቀሩ ወይም በገንዳው ውስጥ ካለው ድንጋይ ጀርባ ቆሻሻ ከተጠራቀመ የፓምፖቹ ቦታ ይቀየር።