ጎርፉ አልፎ አልፎ፣ ቆሻሻው በየዝናቡ

አንድ ከተማ የዝናብ ውሃ ዕቅድ ላውጣ ሲል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ቦይ ይሠራ?» የሚለው ነው። ከዚህ የተነሳ ዕቅድ ገና ከጅምሩ ተበላሽቷል። ቦይ የላይኛውን ሰፈር ውሃ ለታችኛው ሰፈር ያስረክባል እንጂ ውሃውን አይቀንሰውም፤ አያጠራውምም።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። አስፋልትና ጣሪያ በሸፈነው አንድ ሄክታር መሬት ላይ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና 90 በመቶው ቢፈስ፣ በሰከንድ 125 ሊትር ይመጣል። ቦታው ሣር ሆኖ የሚፈሰው 20 በመቶ ብቻ ቢሆን ግን 28 ሊትር ገደማ ነው። ላይ ግቢ በተነጠፈ ቁጥር ታች ያለው ቱቦ ማንም ሳይነካው ይጠባል ማለት ነው። ስለዚህ የግንባታ ፈቃድ ሰጪውና የቦይ መሐንዲሱ በአንድ የተፋሰስ ካርታ ላይ ካልሠሩ፣ የዛሬ ዲዛይን ለነገ አይበቃም።

የጥራቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ይታያል። ቱቦ የሚለካው በ10 ወይም በ25 ዓመት አንዴ ይመጣል ተብሎ ለሚገመት ኃይለኛ ዝናብ ነው፤ ወንዙን ደጋግሞ የሚያቆሽሸው ግን ተራው ዝናብ ነው። በደረቁ ቀናት መንገድ ላይ የተከማቸውን ዘይት፣ የጎማና የፍሬን ብናኝ፣ የእንስሳት እዳሪ መጀመሪያ የወረደው ውሃ ጠራርጎ ይወስደዋል። እኛ የምንለው፦ የዝናቡን የመጀመሪያ 20 ሚሊ ሜትር እዚያው የወረደበት ያዙት። አስፋልትና ጣሪያ ከሸፈነው ከዚያው ሄክታር የሚመጣው 180 ሜትር ኩብ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ የሚያቁር የመንገድ ዳር ማስረጊያ መደብ (ውሃውን ይዞ ቀስ በቀስ ወደ አፈር የሚያሰርግ ዝቅ ያለ መደብ) ቢሠራለት፣ አፈሩ የሚውጠውን ሳንቆጥር፣ 900 ካሬ ሜትር ይበቃል።

እነዚህ መደቦች አይሠሩም የሚሉ ሰዎች አሉ። አይተው ነው፤ ብዙዎቹ በእርግጥም አይሠሩም። ምክንያቱ ግን ሲቆፈር ይታወቃል። አንደኛው ከፍታ ነው፤ የመደቡ አፈር ውሃው ከሚገባበት ከመንገዱ ጠርዝ ክፍተት ጋር እኩል ከሆነ፣ ሁለት ሦስት ዝናብ ያመጣው ደለል ደጃፉን ይዘጋና ውሃው አልፎት ይሄዳል። አፈሩ ከመግቢያው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ሁለተኛው፣ ከፍ ብሎ ያለው ግንባታ ሳያልቅ መደቡ ይከፈታል፤ ከገላጣው አፈር የመጣው ጭቃ በአንድ ክረምት ይደፍነዋል። ሦስተኛው ሳይፈተሽ መቆፈሩ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ አፈሩ እስኪጠግብ ጠብቆ፣ እንደገና ሞልቶ በሰዓት ስንት እንደሚወርድ መለካት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በሰዓት 25 ሚሊ ሜትር ከወረደ፣ የታቆረው 20 ሴንቲ ሜትር በ8 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። መረሬ አፈር ከሆነና ውሃው ካልወረደ፣ ከሥር ጠጠርና ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይግባ። ውሃ ከሦስት ቀን በላይ ከቆመ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ ያኔ ነዋሪው መደቡን ቢደፍነው አይፈረድበትም።

መደብ የማይፈታው ችግርም አለ፦ ከዝናብ ቦይ ጋር በስህተት ወይም በስውር የተቀጠለ የመጸዳጃ ቤት መስመር። ይህን ለማግኘት ሦስት ቀን ሳይዘንብ ሲቀር ወደ ወንዝ የሚወጡትን የቦይ አፎች መዞር ነው። የሚፈስ ካለ ናሙና ይወሰድ። አሞኒያ ከበዛ መጸዳጃ ቤት፣ የሳሙና ንጥረ ነገር ከታየ የልብስ ወይም የመኪና እጥበት፣ ክሎሪን ከተገኘ የሚያፈስ የቧንቧ መስመር መጠርጠር አለበት። ከዚያ ወደ ላይ ማንሆል በማንሆል እየከፈቱ መከተል፤ ሁለት ግቢ ሲቀር ደግሞ መጸዳጃው ውስጥ ቀለም ጨምሮ ቦዩ ውስጥ ይታይ እንደሆነ መጠበቅ።

ጽዳት ዕቅዱ ውስጥ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይወሸቃል። ምርቃት ላይ ሪባን የሚቆረጠው ለቦይ እንጂ ለአካፋ አይደለማ! ነገር ግን ውሃ ከመንገድ ወደ ቦዩ ከሚገባበት ፍርግርግ ሥር ያለው የደለል ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ግማሹ ከሞላ በኋላ ኃይለኛ ውሃ ሲመጣ፣ ያጠራቀመውን መልሶ ወደ ወንዝ ይሰደዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ቁጥር፣ ጥልቀት፣ የጽዳት ወርና ኃላፊ በዕቅዱ ይመዝገብ፤ ገንዘቡም ከግንባታው በጀት ጋር በአንድ ቀን ይጽደቅ። የወጣው ደለል ዘይትና ብረት ስላለበት፣ እንደ ልማዱ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቆልሎ ቀጣዩን ዝናብ አይጠብቅ።