ባለ 12 ቁራጩ ጀግናችን

እስቲ ብድግ ብለን እናጨብጭብ። ጀግናችን ሙሉ የጎልፍ ዕቃ ገዛ። በሕይወቱ አንድም የጎልፍ ኳስ መትቶ አያውቅም። ይህን እያነሱ ነገሩን የሚያጣጥሉ አሉ፤ ምቀኝነት ነው፣ እንለፋቸው። መምታትማ ማንም ይመታል። ሳይመቱ መግዛት ነው ልብ የሚጠይቀው።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የምንኖር ሐበሾች እግዜር ይመስገን ደርሰንበታል። ድሮ ቅዳሜያችን በክርስትና፣ በለቅሶና በቡና ነበር የሚያልቀው። አሁንም በክርስትና፣ በለቅሶና በቡና ነው የሚያልቀው፤ ግን መሃል ላይ ስለ ጎልፍ ይወራል። ልብ አድርጉ፣ ይወራል ነው ያልኩት። አንዱ ስለ ሃንዲካፑ፣ ማለትም ስለ ችሎታው መለኪያ ቁጥር፣ ያነሳል። ሌላው «ስዊንጌን እያስተካከልኩ ነው» ይላል በትካዜ፤ የዱላ አወዛወዙን ማለቱ ነው። ዕቃ የሌለው ሰው በዚህ ወሬ መሃል ምን ይላል? ቡናውን ይጠጣል። ጀግናችን ሦስት ቅዳሜ ቡናውን ጠጣ። በአራተኛው፣ ከቡናው ወጥቶ መኪናውን እንኳን ሳያስነሳ በስልኩ አዘዘ።

ጊዜውም ረዳው። ለጀማሪ ተብሎ በአንድ ካርቶን፣ ከነቦርሳው የሚሸጠው ሙሉ ስብስብ ከ300 እስከ 600 ዶላር ባለው ውስጥ እንደልብ ይገኛል። የታወቁት ፋብሪካዎች በየዓመቱ የሚያወጡት አዲስ ድራይቨር፣ ኳስ ሩቅ የሚላክበት ዱላ፣ ብቻውን 600 ዶላር ገደማ ይጠራል። በአንድ ዱላ ዋጋ ሙሉ ቦርሳ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቅናሽ እያየ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሐበሻ ካለ የዘር ሐረጉ ይጣራ።

እዚህ ላይ አንድ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ለፋብሪካው ሒሳብ ሹም። ካላዌይ የተባለው ፋብሪካ ስትራታ በሚል ስም ለጀማሪዎች የሚሸጠው ባለ 12 ቁራጭ ስብስብ አለ። ጀግናችን 12 ሲባል 12 ዱላ ነው የታየው። ካርቶኑ ደረሰ፣ ሳሎን መሃል ተከፈተ፣ ልጆቹ ከበቡት። ቆጠራ ተጀመረ። ድራይቨር፣ አንድ። 3 ቁጥር እንጨት፣ ሁለት። ሃይብሪድ፣ ሦስት። ከ6 እስከ 9 ቁጥር ያሉት ብረቶች አራት ናቸው፣ ሰባት ሞላ። ፒቺንግ ዌጅ፣ ስምንት። ፑተር፣ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚያስገቡባት፣ ዘጠኝ። ከዚያ ቆጠራው ቆመ። ካርቶኑን ገለበጠው። አራገፈው። ነጭ የማሸጊያ ፍርፋሪ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። በመጨረሻ ትልቁ ልጅ ወረቀቱን አንስቶ አነበበለት። አሥረኛው ቁራጭ ቦርሳው ነው። አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው የዱላ ኮፍያ ናቸው።

ኮፍያም ይቆጠራል። እንዲህ ከሆነማ እኔም ካልሲዬን ሁለት፣ ጫማዬን ሁለት፣ ቀበቶዬን አንድ ብዬ ስደማመር ዛሬ ጠዋት ባለ ብዙ ቁራጭ ሰው ሆኜ ነው ከቤት የወጣሁት። ፋብሪካው ግን አልዋሸም። ዝርዝሩ በግልጽ ተጽፏል። ወረቀት አንብቦ መግዛት የጀማሪ ሥራ ነው፣ ጀግናችን ደግሞ ሙሉ ዕቃ ያለው ሰው ነው።

ኮፍያውንም አትናቁት። ለድራይቨሩ እንዳይጫር፣ እንዳይጋጭ ይለበሳል። የጀግናችን ድራይቨር ኮፍያ እንደለበሰ ስንት ወር ጋራዥ ውስጥ እንደቆመ ባያችሁ፣ በጎልፍ ታሪክ ጭረት ያልነካው ድራይቨር ይኸው ብላችሁ ትመሰክሩ ነበር።

ሕጉ የሚለው፣ አንድ ተጫዋች ከ14 ዱላ በላይ ይዞ አይገባም ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ገደብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከዚያ በፊት ከ20 በላይ ዱላ የሚያሸክሙ ነበሩ፤ ተሸካሚዎቹን ይማራቸው። ትንሹን ቁጥር ግን ሕጉ አልወሰነም። አንድ ዱላ ይዞ መጫወት ይቻላል። ቺክ ኢቫንስ የሚባል አማተር እ.ኤ.አ. በ1916 የአሜሪካ ኦፕን የሚባለውን ታላቅ ውድድር ያሸነፈው ሰባት ዱላ ይዞ ነው። ስፔናዊው ሴቬ ባዬስቴሮስ ደግሞ ልጅ ሆኖ ፔድሬኛ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የተማረው በአንድ 3 ቁጥር ብረት ነው። አድጎ አምስት ታላላቅ ውድድሮችን አሸነፈ። ምስኪን። ቅናሽ አልደረሰለትም እንጂ ሙሉ ዕቃ ቢኖረው የት በደረሰ።

የእኛዎቹም ቢሆኑ አንጀት ይበላሉ። ለገና ጨዋታ አንድ ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ከዛፍ ቆርጠው፣ እሩሯን በዚያችው ሲለጓት ይውሉ ነበር። ለሩቁም ያችው፣ ለቅርቡም ያችው። ቦርሳ የለ፣ ኮፍያ የለ፣ የተረፋቸው ጨዋታው ብቻ ነው።

ወደ ጀግናችን እንመለስ። ጀግናችን ግራኝ ነው። በግራው ይጽፋል፣ ምስማርም በግራው ይመታል። ቅናሽ ላይ የወጣው ስብስብ ደግሞ ለቀኝ ነው። የግራኝ ዕቃ ከሱቁ በቀላሉ አይገኝም፣ ሲገኝም ምርጫው ጠባብ ነው፣ ቅናሹም እምብዛም ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቆም ብሎ ያስብ ነበር። እሱ ግን «እጅ ይለምዳል፣ ቅናሽ ግን አይመለስም» ብሎ ወሰነ። የዱላው ዘንግ ላይም እንዲሁ አላቅማማም። ዘንጉ ሲወዛወዝ የሚተጣጠፍበት ልክ አለው፤ ፍጥነቱ ዝግ ላለ ሰው ለስለስ ያለው፣ ኃይለኛ መቺ ለሆነ ጠንከር ያለው ይሻላል። ለስላሳ ሲባል ክብሩ ተነካ። ጠንካራውን አዘዘ።

ዱላው ለጀማሪ ምህረት አለው ይባላል። እውነት ነው፣ የብረቱ ክብደት ወደ ዳር ዳር ስለተበተነ ኳሱን መሃል ላይ ባያገኙትም ብዙ አይቀጣም። ዳሩ ግን ምህረቱ ኳሱን ለነካ ነው። ላልነካ ሰው ፋብሪካው ምንም አልፈለሰፈለትም።

ይህንንም ያየነው በመለማመጃው ሜዳ ነው። ጀግናችን አንገትጌ ያለው ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ጓንት፣ ነጭ ጫማ ለብሶ ደረሰ። አንድ ባልዲ ኳስ ገዛ። መጀመሪያ የመዘዘው ድራይቨሩን ነው፤ በቦርሳው ካሉት ሁሉ ረጅሙን፣ ለጀማሪም አስቸጋሪውን። የመጀመሪያው ምት አየር ሆነ። «ማሟሟቂያ ናት» አለ። ሁለተኛው የፕላስቲኩን ምንጣፍ ገጨው፣ ክርኑ ድረስ ነዘረው። በሦስተኛው ኳሷ ሁለት ሜትር ያህል ተንከባላ ቆመች፣ ወደኋላ ዞራ የምታየው ትመስል ነበር። አራተኛዋ ግን ተነሳች! ተነስታም ወደ ቀኝ ታጥፋ ታጥፋ አጥሩ ጋ ወደቀች። ጀግናችን ያን ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ለጎረቤቱ ሰጠና፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ አድማስ አድማሱን እያየ ተነሳ። ፎቶው ላይ ኳስ የለችም። ማንም አልጠየቀም። 127 ሰው ወደደው።

ከጎኑ አንዲት አዛውንት ሴትዮ ነበሩ። እጀታው የተላጠ አንድ ብረት ይዘው፣ ኳሷን ቀጥ እያደረጉ፣ አንዱን ከአንዱ ሳያዛንፉ ይልካሉ። ጀግናችን በአዘኔታ አያቸው። «ምስኪን እናት፣ ዕቃ አልተሟላላቸውም» አለኝ።

ፑተሩስ? ፑተሩ እስከ ዛሬ ላስቲኩ አልተነሳለትም። የ18 ጉድጓድ ሜዳ መደበኛ ልኩ ብዙውን ጊዜ 72 ምት ነው። በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት የፑተር ምት ታስቦ 36 ይሆናል፣ የጨዋታው ግማሽ። ግማሹ ጨዋታ እንግዲህ ላስቲክ ውስጥ ነው። ምን ይደረግ፣ ፑተር በፎቶ አያምርም። ሰው ጎንበስ ብሎ ሳንቲም የጠፋው ነው የሚመስለው።

ከመለማመጃው ሲመለስ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ተጀመረ። ጥፋቱ የዱላው ሆነ። ርካሽ ስብስብ ምን ይጠበቅበታል! በማግስቱ ርቀት የሚለካ የጨረር መነጽር ታዘዘ። አሁን ባንዲራው 150 ያርድ ላይ መቆሙን በጨረር ያረጋግጣል። ኳሷ 20 ያርድ ላይ መቆሟን በዓይኑ ያያል። መካከሉን ለመሙላት ምን መግዛት እንዳለበት እያጠና ነው።

አንዳንድ ሥልጣኔ ያልገባቸው ሰዎች አሉ። «መጀመሪያ ከመለማመጃው ዱላ ተከራይ» ይሉታል። «ቶፕጎልፍ የሚባለው የጎልፍ መዝናኛ ብትሄድ እዚያው ዱላ ያቀርቡልሃል» ይሉታል። «ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ 7 ቁጥር ብረትና አንድ ፑተር ግዛ፣ በተረፈህ ገንዘብ ለሁለትና ለሦስት ቀን አስተማሪ ያዝ፣ ከወደድከው ሌላውን ቀስ እያልክ ታሟላለህ» ይሉታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል መሆኑ ነው። ግን ይህ እኮ መማር ነው! ሃምሳኛ ዓመቱን ያከበረ፣ ቤት የገዛ፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ሰው በሰው ፊት ተሳስቶ፣ የሃያ ዓመት ልጅ «ጋሼ፣ ክርንዎን አያጥፉ» እያለው ሊማር? ሙሉ ዕቃ የሚገዛው እኮ ከዚህ ለመዳን ነው። ቦርሳው ትከሻው ላይ እስካለ ድረስ ጀማሪ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ጭብጨባውን አያቋርጥብኝ። እዚሁ ከተማችን ሰሜን ምሥራቅ ላንግስተን የሚባል የጎልፍ ሜዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1937 ዌክ ሮቢን የሚል የጎልፍ ክለብ ያቋቋሙ ጥቁር ሴቶች ዱላ ነበራቸው፣ የሚጫወቱበት ሜዳ ግን በዘር ተከልክሎ ነበር። ለመንግሥት አቤት ብለው፣ ወትውተው፣ በ1939 ላንግስተን በ9 ጉድጓድ ተከፈተ። ዛሬ 18 ጉድጓድ ነው፣ ለማንም ክፍት ነው፣ የኛም ሰፈር ከዚያ ሩቅ አይደለም። ጀግናችን ሜዳውን ያውቀዋል። ባጠገቡ ሲያልፍ በመኪና መስኮት ለልጆቹ ያሳያቸዋል።

ጎልፍን ብቻ ማሞገስ ደግሞ ሌላውን መበደል ይሆናል። ምድር ቤት ልብስ ተሰጥቶበት የሚውለው የመሮጫ ማሽን አለ። ግድግዳ ላይ ክሩ የላላ ክራር አለ፣ «የባህል ነገር ነው» እየተባለ አቧራው ብቻ የሚጠረግለት። አምስት ሌንስ ያለው፣ የልጅን ልደት ግን በስልክ የሚያነሳ ሰው አውቃለሁ። የጎልፉ ዕቃ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው መንኮራኩር ያለው ጋሪ ስለሚገዛለት ነው። ከጋራዥ ወደ ምድር ቤት፣ ከምድር ቤት ወደ ጋራዥ በቀላሉ ይንቀሳቀሳል።

ክረምቱ አለፈ፣ በረዶው ቀለጠ፣ ጀግናችን ዘንድሮ ልቡ ወደ ዓሣ ማጥመድ ሸፍቷል። ሙሉ የማጥመጃ ዕቃ በቅናሽ አግኝቷል። የጎልፉን ፎቶ አንስቶ «እንደ አዲስ» ብሎ በስልክ ለገበያ አወጣው። ገዢ ለማግኘት አንድ ቀን አልፈጀበትም። ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ሲያወራ አጠገቡ ነበርኩ።

«ወንድሜ፣ የጎልፉ ዕቃ አለ እንዴ?»

«አለ፣ አለ። ገና ሽታው አልወጣም።»

«12ቱም ዱላ የተሟላ ነው?»

«12ቱም ቁራጭ አለ፣ አንድ አልጎደለም።»

«መጨረሻው ስንት ነው?»

«ላንተ ስል በግማሽ ዋጋ ውሰደው።»

«እሺ። አንዲት ነገር ብቻ፣ እኔ ግራኝ ነኝ። አያስቸግረኝም?»

«ኧረ በጭራሽ! እኔ ራሴ ግራኝ ነኝ። አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።»