እድራችን ከሞት በፊት ይድረስ

የጎጃም ወገኖቼ፣ ብዙ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሚወራ ነገር አለ። የማህፀን በር ካንሰር ነው። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው። ስለ በሽታው ባለሙያዎች ይነግሩናል። እኔ የምናገረው ስለ ወጪው ነው። ወጪው እንዲህ የከበደው በእኛም ጥፋት ስለሆነ ነው።

«የመንግሥት ሆስፒታል ርካሽ ነው» እንላለን። ካርዱ ርካሽ ነው፣ እውነት ነው። ቤት የሚያፈርሰው ግን ካርዱ አይደለም። የሞጣ ወይም የቢቸና ገበሬ ሚስቱ ታማበት ሲነሳ የሚጠብቀውን እስቲ አስቡት። መጀመሪያ ሪፈር ተጽፎላት ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ትላካለች። እዚያ ናሙና ይወሰድና ለምርመራ ይላካል። ውጤቱ እስኪደርስ አልጋ ይዞ ማደር ነው። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል። ማሽኑ ተበላሽቷል ከተባለ ወደ ግል ነው። ደም የሚለግስ ዘመድ መፈለግ አለ። ኬሞ ሲጀመር መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ካለቀ «ከውጭ ግዙ» ተብሎ ወረቀት ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ገና ጅምሩ ነው። በሽታው ከማህፀን በር አልፎ አጠገቡ ወዳለው አካል ከደረሰ ዋናው ሕክምና ጨረር ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ሌሎች ከተሞችም ጀምረዋል፣ ወረፋው ግን አልቀለለም። ጨረሩ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአምስት ወይም ለስድስት ሳምንት ይሰጣል። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ያውም የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ። ተመላልሶ የሚታከም የለም። ታማሚዋም አስታማሚዋም ቤት ተከራይተው ይቀመጣሉ። መንገድ ከተዘጋማ ቀጠሮው ያልፋል። አገር ቤት ያለው መሬት ጦም ያድራል፣ ልጆች ጎረቤት ይበተናሉ። በሬው የሚሸጠው ለዚህ ነው፣ ለመድኃኒቱ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። ይህ በሽታ ድንገት የሚመጣ አይደለም። የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል፣ በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ሴት ላይ ይፈጥናል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አንዲት ሴት ጤና ጣቢያ ብትሄድ የማህፀኗ በር የኮምጣጤ ዓይነት ፈሳሽ ይቀባና ይታያል። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያንን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ያጠፉላታል፣ በዚያው ቀን ቤቷ ትመለሳለች። በሬ አይሸጥም፣ አባይን መሻገርም አይኖርም። ምርመራው በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው የሚመከረው። ከእናንተ ውስጥ ስንቶቻችሁ ሄዳችኋል? ወንዶችስ፣ ስንቶቻችሁ ሚስቶቻችሁን ሂዱ ብላችኋል?

አንተ ወንድሜ፣ ሚስትህ «ከግንኙነት በኋላ ደም አያለሁ» ስትልህ «ያልፍልሻል» ብለህ ዝም ያልከው አንተን ነው የምለው። ከዚያም ብሶ በጥርጣሬ የምታያት። ሽታው ሲመጣ ደግሞ መኝታ የለየህ። ቫይረሱን ወንድ ይይዘዋል፣ ያስተላልፈዋልም፣ ሳይታወቀው። በእሷ ላይ ጣት መቀሰር የለም። ታማ ሳለች ጥለሃት ከሄድክማ ምን እንደምልህ አላውቅም።

እናቶቼ እህቶቼ፣ እናንተም «የሴት ነገር ነው» እያላችሁ አትደብቁ። የወር አበባ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም ካያችሁ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጸበል የምትጠጡ ጠጡ። ጸበሉ ምርመራን አይከለክልም። ሱባኤ እየተባለ ስድስት ወር መቆየት ግን በአንደኛ ደረጃ የሚድነውን ወደ ሦስተኛ ያደርሰዋል።

የዚህ ቫይረስ መከላከያ ክትባትስ? በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ተሰጠ። አንዳንዶቻችሁ «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ሰምታችሁ በክትባቱ ቀን ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት አስቀራችሁ። ውሸት ነው። ይህን ወሬ የሚያወሩ ሰዎች የልጃችሁን የጨረር ወጪ አይከፍሉላችሁም። ትምህርት ቤት የማትሄድ ልጅ ያለቻችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። ልጅቷን ገና በልጅነቷ መዳርም ለዚህ በሽታ ይበልጥ ያጋልጣታል፣ ይህንንም እወቁት።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ደቡብ አቸፈር ነበር፣ የእኛው ጎጃም። ቀድመን የጀመርነውን ነገር ዛሬ «ዘንድሮ አልታመምንም» እያልን ደብተሩን ሳናሳድስ እንቀራለን። በሽታው ሲገኝ ያኔ እንሯሯጣለን። መዋጮው ለመላው ቤተሰብ ነው፣ በዓመት አንዴ። እህል በገባ ሰሞን ክፈሉት። ስትሄዱም ከጤና ጣቢያው ጀምራችሁ ሪፈር ይዛችሁ ሂዱ፣ አለዚያ መድኑ ወጪውን ሙሉ ላይሸፍንላችሁ ይችላል። መድኃኒት ከውጭ ከገዛችሁ ደረሰኙን አትጣሉ። ለወረዳው መድን ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ቀርባችሁ «ከፍለን ሳለ ለምን ከኪሳችን ወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነርሷ ላይ መጮህ መድኃኒት አያመጣም። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቶ መናገር ግን ያመጣል፣ አንድ ሰው ሳይሆን ሃምሳ ሰው ሲናገር።

መድኑ የማይሸፍነውም አለ። የአውቶቡስ፣ የማደሪያ፣ የአስታማሚ ምግብ አይሸፍንም። አዲስ አበባ ላይ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለታካሚዎች ማረፊያ አለው፣ ግን ለሁሉ አይበቃም። ታዲያ እኛስ? ሴትዮዋ ስትሞት ድንኳን እንተክላለን፣ እንጀራ እንጋግራለን፣ ሳጥን እንገዛለን። ለተዝካሯ ጠላ ይጠመቃል፣ ሰንጋ ይታረዳል። ያንን ሁሉ የምናወጣው ሰዎች ነን በታመመች ጊዜ የመኪና መሳፈሪያ ጠፍቷት የቀረችውን ያየነው! ተዝካር አታውጡ አልልም። ካህናቱ ራሳቸው ድሃ ተበድሮ ተዝካር ያውጣ አይሉም። የምለው ከድግሱ ቀንሱ ነው።

እድራችሁ በሚቀጥለው ሲሰበሰብ አንድ አጀንዳ አስይዙ። ሪፈር ወረቀት ይዛ ለመጣች አባል ወይም የአባል ሚስት መጓጓዣና የአንድ ወር ማደሪያ እድሩ ይስጥ። መልሳ የማትከፍለው ይሁን። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ገንዘቡም ከቀብሩ ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ። የምትታመመው ሴት ስም በስብሰባ እንዳይነሳ ለጸሐፊውና ለሰብሳቢው ብቻ ይነገር።