ጋራዥ የሌለው የጋራዥ ሽያጭ

ታናሽ እህቴ ከአሜሪካ ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳር በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ ከሳሎን እስከ ዕቃ ቤት ያለውን ሁሉ በዓይኗ ስትቆጥር ከቆየች በኋላ፣ ቤታችን መተንፈሻ እንዳጣ አስታወቀች። እርሷ በምትኖርበት አገር ሰው ቤቱን ሲያራግፍ ትርፉን ዕቃ ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ከሚያድርበት ክፍል ፊት ለፊት ደርድሮ፣ በእያንዳንዱ ላይ ዋጋ ለጥፎ ለጎረቤትና ለአላፊ አግዳሚ ይሸጣል፤ ስሙም «ጋራዥ ሴል» ነው። እናቴ በጥሞና ካዳመጠች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ አነሳች፦ «ጋራዡን ከሸጡት መኪናው የት ሊጠገን ነው?» በእኛ ዘንድ ጋራዥ ማለት ቱታ የለበሱ ሰዎች ከመኪና ሥር ተኝተው የሚነጋገሩበት ቦታ ስለሆነ፣ ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ያለን ተሽከርካሪም የፊት ጎማ የሌለው አንድ ብስክሌት ብቻ ነው።

ዕቃ ቤቱ ተከፈተ። እምቦጭ ጣናን ከወረረ ወዲህ የባሕር ዳር ሰው ስለ መባዛት ብዙ ተምሯል፤ አረሙ ሲመቸው በ2 ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ቢነቅሉትም ዘሩ በደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የዱቄት ወተት ጣሳም ጠባዩ ይኸው ነው። አሥራ ሰባት ጣሳ ቆጥረን ስናበቃ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ሌላ አምስት ብቅ አለ። ፌስታል የታጨቀበትን ፌስታል፣ በውስጡም ሌላ ፌስታል የታጨቀበትን ሌላ ፌስታል አልቆጠርነውም።

እህቴ «አንድ ዓመት ሙሉ ያልተነካ ዕቃ ይውጣ» የሚል ሕግ ይዛ መጥታ ነበር። «በዚህ ሕግ ከሆነማ ቀድመሽ የምትወጪው አንቺ ነሽ፤ ካየሁሽ ስድስት ዓመቴ ነው» አለች እናቴ። ሕጉ በዚያው ተሻረ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዕቃ ጠበቃ እየቆመለት ተከራከረ። የቡፌው ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ብርጭቆዎች ለክቡር እንግዳ የተቀመጡ ናቸው፤ ክቡሩ እንግዳ ግን በእኔ ዕድሜ አልመጣም። የከሰል ካውያው፣ ጢስ ዓባይ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቢኖርም፣ «መብራት ሲጠፋስ?» በሚል አንድ ጥያቄ ነጻ ወጣ። አባቴ በሕይወት ሳለ ከሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያመጣው አንሶላ ላይ እህቴ 50 ብር ስትለጥፍበት ደግሞ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ፋብሪካው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራ መሆኑን አባቴ ደጋግሞ ይነግራት ስለነበር፣ «የአገር ደም ካሳ በሃምሳ ብር አይሸጥም» ብላ አንሶላውን አጥፋ ወደ ሣጥኑ መለሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት የተረፈውን በር ላይ ሸራ ዘርግተን ደረደርን። በእኛ ሰፈር የቤት ዕቃ በጅምላ ደጅ የሚወጣው ሰው ሲሞት፣ ተከራይ ሲለቅ ወይም የትኋን መድኃኒት ሲረጭ ነው፤ በዚህም የተነሣ ቀድመው የደረሱት ገዢዎች ሳይሆኑ አጽናኞች ነበሩ። አንዲት እናት እናቴን ወደ ጥግ ወስደው፣ «ችግር ሲደርስባችሁ እንዴት ለጎረቤት አትናገሩም?» ብለው 200 ብር በመዳፏ አስጨበጧት። እህቴ ገንዘቡን በሽያጭ መዝገብ አሰፈረችው።

ወሳኙ ነገር የሆነው ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የጓሮ ጎረቤታችን 80 ብር የተለጠፈበትን ትልቅ የሻይ ትሪ አንሥተው ገለበጡት፤ ከዚያም አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ሥሩን ፈተግ ፈተግ ሲያደርጉት፣ ከጥቁረቱ መሐል በቀይ የጥፍር ቀለም የተጻፈ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ወጣ። ትሪው ከልጃቸው ሠርግ ማግስት ጀምሮ ሲፈለግ የኖረ ነበር። እናቴ ሳትደናገጥ፣ «አደራዎን ጠብቄ ነው እንጂ» አለች። ወሬው መንደሩን ለማዳረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ሁሉ ዋጋ መጠየቁን ትቶ የድስትና የሳህን ቂጥ ያገላብጥ ጀመር። ሁለት የእድር ወንበሮችም በጀርባቸው በተጻፈው ቁጥር ተለይተው በክብር ተሸኙ።

እናቴ ግን እንዲህ ያለውን ውለታ ያለ አጸፋ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ትሪ ያስመለሱትን ጎረቤት ተከትላ ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ከኋላዋ ሦስት ልጆች ሁለት ብረት ድስት፣ አንድ ምጣድ፣ አንድ ሰፌድ፣ እኛ ጨርሶ የረሳነውን ፍራሽና በውስጡ ምን እንዳለ እስካሁን ያልፈታነውን ጆንያ ተሸክመው ነበር። ቆራሌው ብስክሌቱን በኪሎ መዝኖ ወሰደ። በዕለቱ የተሸጠው እርሱ ብቻ ሲሆን፣ ዕቃ ቤቱ ማታ አልዘጋ አለ።

እህቴ ከመሄዷ በፊት በነበረው ምሽት ሻንጣዎቿን ስታሰናዳ እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ትልቁን ሻንጣ በእጇ ስትለካው ቆየች። «ይሄኛውን ባዶውን ትተሽልኝ ሂጂ፤ ጣሳዎቹን አስገባበታለሁ» አለቻት።