ሳይጠሩት አቤት የሚል ወይን በላተኛ

ስፔናዊ ቀጠሮ አያከብርም እያሉ የሚያሙት አሉ። እነዚህ ሐሜተኞች ዲሴምበር 31 እኩለ ሌሊት ላይ ማድሪድ፣ ፑዌርታ ዴል ሶል አደባባይ ቢገኙ አፋቸው በተያዘ ነበር፤ በኀፍረት ሳይሆን በወይን።

ሥርዓቱ ሲያዩት ቀላል ነው። የአደባባዩ ሰዓት አሥራ ሁለት ጊዜ ሲደውል በየደወሉ አንድ ፍሬ ወይን መብላት፤ አንዱ ፍሬ ለአንድ ወር ዕድል። በደወልና በደወል መካከል 3 ሰከንድ አለ፤ ሁሉም በ36 ሰከንድ ያልቃል። ጣጣው ከዚያ በፊት ነው። ሰዓቱ መጀመሪያ አራት ጊዜ ጥንድ ጥንድ እያደረገ ይደውላል። ይህ “ኳርቶስ” የሚሉት ማስጠንቀቂያ እንጂ የመብሊያ ደወል አይደለም። ሳይጠሩት አቤት ባዩ ግን እዚህ ላይ አራት ፍሬ ያጋብሳል፤ እውነተኛው ደወል ሲጀምር እስከ ኤፕሪል ያለውን ዕድሉን በልቶ ጨርሷል።

ሁለተኛው ስህተት ገበያ ላይ ይሠራል። ለዓመት በዓል አይሰሰትም ተብሎ ትልልቁ፣ ዘር ያለው ወይን ይገዛል። ስድስተኛው ላይ ጉንጭ ይሞላል፤ ዘሩን ልትፋው ወይስ ልዋጠው ሲባል ሰባተኛው ይደወላል። “እንኳን አደረሰህ” ላለው ሰው መልሱ “እምምም” ነው። የለመዱት ትንንሹንና ዘር አልባውን ይመርጣሉ፤ ወይም ቀድመው ልጠው፣ ዘሩን አውጥተው፣ ለየሰዉ አሥራ ሁለት ቆጥረው በኩባያ ያስቀምጣሉ። ይህም ለታከተው ተልጦ የታሸገ፣ አሥራ ሁለት ፍሬ የያዘ ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ አለ። ስንፍናም ተቆጥሮ ይሸጣል! ለሕፃናት ግን ቀልድ የለም፤ ሙሉው ፍሬ ያንቃል፣ በቁመቱ ለአራት ይሰንጠቅ።

ፓምፕሎና ከተማ ደግሞ ሰዓት አክባሪው ኮርማ ነው፤ ሰው ከፊቱ እየሮጠ እሱ በጎዳና የሚጋልብበት በዓል አላት። ከጁላይ 7 እስከ 14 በየቀኑ፣ በእኛ አቆጣጠር ልክ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ርችት ይተኮሳል፤ ስድስት ኮርማዎች ከ800 ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይጨርሱታል። ወደ ኤስታፌታ ጎዳና መታጠፊያው ላይ ፍጥነታቸው አልታጠፍ እያለ ከውጭኛው ግድግዳ ጋር ያላትማቸዋል፤ ብልህ ሯጭ ውስጠኛውን ጥግ ይይዛል። እየሮጡ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ቅጣት የሚደርሰው ኮርማው ከቀጣ በኋላ ይሆናል። የወደቀ ሰው ራሱን ሸፍኖ ይተኛ። ቀንድ የሚያገኘው ጀግና ነኝ ብሎ ብድግ ያለው ነው።

ቫሌንሲያዎች ዓመት የለፉባቸውን፣ በሹማምንት የሚያሾፉባቸውን ግዙፍ ምስሎች ማርች 19 ሌሊት አንድደው ይሞቃሉ። በሕዝብ ድምፅ ምሕረት የሚያገኙት ሁለት ሥራዎች ብቻ ናቸው። ሹም፣ አሻንጉሊትም ሆኖ ቢሆን፣ ለነፍሱ ድምፅ ሲለምን ማየት ደስ ይላል።

ቡኞል ከተማ ውስጥ በኦገስት የመጨረሻው ረቡዕ ቲማቲም የሚወራወሩት ለ1 ሰዓት ብቻ ነው። ቲማቲሙ ከመወርወሩ በፊት በእጅ ይፈርጣል፤ ያልፈረጠ ቲማቲም ድንጋይ ነው። ዓይን ስለሚለበልብ የዋና መነጽር አይረሳ። ማብቂያውን የሚያበስረው ሁለተኛው ተኩስ ከተሰማ በኋላ የወረወረ ባለጌ ነው። ጎዳናው የዚያኑ ቀን ታጥቦ ይጸዳል፤ ጫማው ግን አይጸዳም።