ላሟን ለጌጥ ነው የሳላችኋት?

አሁንስ በዛ! ከስኮትላንዷ ኤድንብራ ሦስት ቆርቆሮ ሾርትብሬድ፣ ያ የቅቤ ብስኩት፣ ተሸክሜ መጣሁ። ቤት ደርድሬ ላወዳድር። ምኑን ከምኑ?

ግንብ የተሳለበትን ቆርቆሮ ስከፍተው ግንቡ ፈርሷል። ዱቄት! እንደ በሶ በጥብጬ ልጠጣው? ባለ ቀሚሱ ሰውዬ፣ ያ ባግፓይፕ የሚነፋው፣ ቆርቆሮው የጫማ ካርቶን ያህላል። ውስጡ? ስምንት ፍሬ። የቀረው አየር ነው። የስኮትላንድ አየር መሆኑ ነው እንግዲህ!

ባለ ላሟ ግን አቃጠለችኝ። ሾርትብሬድ ማለት እኮ 1 እጅ ስኳር፣ 2 እጅ ቅቤ፣ 3 እጅ ዱቄት ነው። አለቀ። ታዲያ ፊቱ ላይ ጸጉራም ላም ተስላ ጀርባው ላይ የፓልም ዘይት ምን ይሠራል? ደግሞ ከሁሉም ውዷ እሷ!

እናቴ ብቻ ደስ ብሏታል። ሦስቱንም ቆርቆሮ አጥባ ለበርበሬ አዘጋጅታለች።