እርማት፦ የመስቀል ወፍ በበጋም እዚሁ ናት

«የመስቀል ወፍ ከሩቅ አገር መጥታ፣ አደይ አበባ ሲረግፍ ተመልሳ ትሄዳለች» የሚል አስተያየት ብዙዎች ሲቀባበሉት አየሁ። አባባሉ ያምራል፤ የሚጽፉትም ወፏን ወድደው እንደሆነ ያስታውቃል። ነገር ግን ትክክል አይደለም።

በዚህ ስም የሚጠራው ከአንድ ዝርያ በላይ ነው። በደጋው ከሚታዩት አንዱን፣ ጥቁርና ቢጫውን እንውሰድ። ምግብ ፍለጋ ከመስክ መስክ ቢዘዋወርም ባሕር ተሻግሮ አይሰደድም። የሚለወጠው የወንዱ ላባ ነው። ዝናቡ ሲገባ ሴቷን ለመማረክና ክልሉን ለማስከበር አሮጌውን ላባ አራግፎ ከሰል የመሰለ ጥቁርና ደማቅ ቢጫ ይለብሳል። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ደግሞ እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆንና ከመንጋው ጋር ዘር ይለቅማል። እኛም ተራ ድንቢጥ መስሎን እናልፈዋለን።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው በጥር ወይም በየካቲት ማለዳ ወደ አንድ የደጋ ረግረግ ዳር ይሂድ፤ የርቀት መነጽር ቢይዝ ደግሞ ይመረጣል። ቡናማዎቹ ወፎች ብድግ ሲሉ ከጅራታቸው በላይ ያለውን ቦታ ልብ ብሎ ይመልከት። ወንዱ እዚያና ትከሻው ላይ ያለውን ቢጫ በበጋም አይጥለውም፤ ክንፉን ሲዘረጋ ብልጭ ይላል።

ይህን ማስተካከል ያስፈለገኝ ያለ ምክንያት አይደለም። «አሁን የለችም» ብሎ የሚያምን ሰው በበጋ የጅረት ዳር ሣርና ቁጥቋጦ ሲቃጠል ወፏ የምትጎዳ አይመስለውም። እሷ ግን በበጋ ዘር የምትለቅመው፣ በክረምትም ጎጆዋን የምትሠራው እዚያው ነው።